ዳገት ያቃተው ፒክአፕ

ደሳለችን ያገኟት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። የጉለሌ እጽዋት ማዕከል የችግኝ ሠራተኞች በማለዳው ጉም ውስጥ እያወሩ ሲወጡ፣ አስፋልቱ ዳር አንድ የሴት ጫማ ብቻውን ወድቆ አዩ። ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ቦዩ ውስጥ፣ አንዲት ሴት በጎኗ ተጋድማለች። ከመካከላቸው አንዷ ወርዳ ፊቷን እስክታዞረው ድረስ ማን እንደሆነች አላወቁም ነበር። ካወቁ በኋላ ጩኸታቸው ዳገቱን ሞላው። ከሸጎሌ በእግሯ እየወጣች ከሁሉም ቀድማ የችግኝ ቤቱን የምትከፍተው ደሳለች ነበረች።

ኢንስፔክተር ሄራን ስትደርስ ጩኸቱ ወደ እንጉርጉሮ ወርዶ ነበር። ቦዩ ውስጥ ገባች፤ ጎንበስ ብላ የሟቿን እጅ፣ ጉልበት፣ ፊት አየች። ምንም አልተሰማትም። ከእናቷ ቀብር ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ትሰማለች፣ ታያለች፣ የታዘዘችውን ትሠራለች፤ ደረቷ ላይ እጇን ብታሳርፍ ግን የሌላ ሰው ደረት የነካች ይመስላታል።

«መኪና ነው» አለ ሳጅን ኑሕ ከላይ ሆኖ። «ፍሬን የያዘበት ይኸው፤ ጎማው አስፋልቱን ለብልቦታል።»

«ቆሟል?»

«አልቆመም። ቀዝቀዝ አለና እንደገና ነዳ። ቁልቁል ወደ ሸጎሌ ነው የሄደው።»

ኑሕ ተንበርክኮ ከመንገዱ ላይ ስብርባሪ ለቀመ። የፊት መብራት ስባሪ ነው። ሄራን ግን የሟቿን ራስ ነበር የምታየው። ጸጉሯ ተበትኖ ጤዛ ይዞታል።

«በዚህ ብርድ ራሷን ሳትሸፍን ነው የወጣችው?» ብላ ሠራተኞቹን ጠየቀች።

«ኧረ በጭራሽ!» አለች አንዷ እንባዋን እየጠረገች። «ሰማያዊ የሱፍ ሻርፕ አላት። ክረምት ከበጋ ከራሷ አይወርድም። እኛ እንኳ እንስቅባት ነበር።»

ቦዩንም፣ ቁጥቋጦውንም፣ የባሕር ዛፉን ሥርም ፈተሹ። ሻርፑ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሬሳውን የመረመረው ሐኪም፣ ደሳለች ውስጧ እንደደማ ለሄራን ነገራት። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ፣ «ወዲያው አልሞተችም» አለ።

«ምን ያህል ቆየች?»

«ረዘም ላለ ጊዜ። ሰው ቢደርስላት... እኔ ትተርፍ ነበር ብዬ አልምልም። ግን ዕድል ነበራት።»

ሄራን አመስግናው ወጣች። መኪና ውስጥ ስትገባ ኑሕ ሐኪሙ ምን እንዳላት ጠየቃት። ነገረችው። እሱ መሪውን ይዞ አንገቱን ደፋ፤ እሷ የደኅንነት ቀበቶዋን አሰረች።

የደሳለች ባል ጋሽ ፀሐዬ ሸጎሌ፣ ከብት ገበያው ጀርባ ባለ አሮጌ ቤት ነው የሚኖሩት። ድንኳን ተተክሏል። እሳቸው ድንኳኑ ውስጥ አልነበሩም፤ ጓሮ፣ የእንጨት ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው።

«ጠላት ነበራት?» ብላ ሄራን ጠየቀቻቸው።

«ደሳለች? የማን ጠላት ትሁን?»

«ከእርስዎስ ጋር የተጣላ ሰው የለም?»

ጋሽ ፀሐዬ መሬት መሬቱን አዩ። ከኋላቸው የቆመች ጎረቤት ግን አፏን መያዝ አልቻለችም። «የወንድማቸውን ነገር ይንገሯት እንጂ! በሁለቱ ቤቶች መሐል ባለው አጥር ምክንያት ‹አንድ ቀን በጎማዬ ሥር ትገኛለሽ› ያላትን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።»

ወንድማቸው መሸሻ የሚኒባስ ሾፌር ነው። ሄራንና ኑሕ ተራ ላይ ሲያገኙት ትርፍ ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር። የሚኒባሱ የቀኝ የፊት መብራት በፕላስተር ተለጥፏል።

«ይሄ መቼ ተሰበረ?» አለ ኑሕ።

መሸሻ ወዲያው ገባው። «እሷን? እኔ? ኧረ ተው፣ ወንድሜ! ተናድጄ የተናገርኩት ነው። በሰው ፊት ተሳድባኝ... በቃ፣ አፌ ነው እንጂ እጄ አይደለም።»

«ያን ጠዋት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ተራ አስከባሪውን ጠይቁት፤ የመጀመሪያውን ምልልስ ለመውጣት ስንጨቃጨቅ ነው የነጋው።»

ተራ አስከባሪውም፣ ሌሎቹ ሾፌሮችም ያንኑ ተናገሩ። ሄራን ደግሞ በፕላስተሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ የቀረውን ስባሪ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገችው። ፕላስቲክ ነው። ከመንገድ የተነሣው ወፍራም መስታወት ነበር።

«የድሮ መኪና ነው የምንፈልገው» አለች ለኑሕ። መሸሻ ዞር ሲሉ እጁን በፊቱ ላይ አድርጎ ማልቀስ ጀመረ። «ሳንታረቅ» ይላል፤ «ሳንታረቅ»። ሄራን ቆም ብላ አየችውና መንገዷን ቀጠለች።

ቀጣዩ ነገር የመጣው ከከብት ገበያው ነው። በሬ ጭኖ የገባ አንድ የአይሱዙ ሾፌር፣ ያን ጠዋት አንድ ፒክአፕ መንገድ እንደዘጋበት ለነጋዴዎች ሲያወራ ተሰማ። ሄራን በረቱ አጠገብ አገኘችው።

«ከሸጎሌ ወደ ሆስፒታሉ የሚያወጣው ዳገት ላይ ነው» አላት። «ነጭ አሮጌ ፒክአፕ። ጭሱ! እንደ ከሰል የጠቆረ ጭስ፤ መንገዱን አጨለመብኝ። ይጮኻል እንጂ አይሄድም። እኔ በሬ ጭኜ እሱን አለፍኩት።»

«ሾፌሩን አየኸው?»

«ሳልፈው አይቼዋለሁ። ወጣት ነው። መሪውን በቡጢ ይመታል። ሰክሯል ብዬ ነበር።»

«ሌላ ሰው ነበር?»

«ጋቢናው ሙሉ ነው። ማን እንደሆኑ አላየሁም።»

ኑሕ በሰፈሩ ያሉትን አሮጌ የናፍጣ ፒክአፖች እየጠየቀ ዞረ። አንዱ ጎማ የለውም፣ አንዱ ከተሸጠ ቆይቷል። ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ባሉት አዳዲስ ቤቶች ግን ጋሽ ጉታ የሚባሉ ሰው ነጭ ፒክአፕ እንዳላቸው፣ እሱም ጉልበት አጥቶ ጋራዥ እንደገባ ሰማ። ጋራዡ ድረስ ሄዶም አየው። ሁለቱም የፊት መብራቶች ደህና ነበሩ።

«ቢሆንም እንጠይቃቸው» አለች ሄራን።

የጋሽ ጉታ ቤት ጠያቂ ሞልቶበታል። ልጃቸው ሳምሪ ወልዳ ነው። ሳሎኑ ገንፎ ገንፎ ይሸታል፤ ከጓዳ የሕፃን ድምፅ ይሰማል። የቸርች ሰዎች ጸልየው ሲጨርሱ ነው እነሄራን የገቡት። ጋሽ ጉታ ተነሥተው ወንበር ሰጧቸው፤ እርጋታ ያላቸው፣ ድምፃቸው የወረደ ሽማግሌ ናቸው። ከጎናቸው የልጃቸው ባል ኪሩ ተቀምጧል። የግድግዳ ቀለም የሚቀባ ልጅ ነው፤ ጣቶቹ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ደርቆበታል። ለሰላምታ እጁን ዘረጋና ሳይጨብጥ መለሰው።

«ስለ መኪናዎ ነበር፣ ጋሽ ጉታ» አለች ሄራን።

«እሱ መኪና ነው ብለሽ ነው የኔ ልጅ? ከታመመ ቆይቷል። ዳገት አይወጣም። ግቢ ቆሞ ቆሞ፣ አሁን ነው ጋራዥ ያስጎተትኩት።»

«ሴትዮዋ በተገጨችበት ጠዋት የት ነበሩ?»

«ሆስፒታል። ልጄ ያን ጠዋት ነው ምጥ የያዛት፤ ደምም ይፈሳት ነበር። በስልክ ታክሲ ጠርተን ወሰድናት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁለቱም ተረፉ።»

ኑሕ ሄራንን አያት። የአራስ ቤት ነው፣ መብራቱም ደህና ነው። ሄራንም ልትነሣ ነበር። ገንፎውን ይዛ ከጓዳ የወጣችው ሳሌም የምትባል የቸርቹ መዘምራን ልጅ ስለ መኪናው የተባለውን ብቻ ሰምታ ነበርና ሣቀች።

«ኧረ ጋሽ ጉታ፣ የመኪናዎን ስም አያጥፉ! እሱ ባይኖር የቸርቹን ወንበር ማን ያወጣልን ነበር? ባለፈው ቅዳሜ እንኳ ወንበሩን ከነድንኳኑ፣ እኛንም ከላይ ጭኖ ዳገቱን እንዴት እንደወጣው! እየዘመርን ነበር እኮ።»

 ሳሌም ፊታቸውን ተራ በተራ አየችና ሣቋን አቆመች። ኪሩ ጣቱ ላይ የደረቀውን ቀለም መፋቅ ጀመረ።

ሄራን «እንኳን ማርያም... እንኳን እግዚአብሔር ማራት» ብላ ቃሏን አስተካክላ ወጣች።

ደጅ ሲደርሱ ኑሕ «ቅዳሜ ደህና ከነበረ፣ የታመመው ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው» አለ።

«አንድ ሰው መኪናዬ የታመመው ድሮ ነው ብሎ ለምን ይዋሻል?» አለች ሄራን። «ጋራዡ የት ነው ያልከኝ?»

ጋራዡ ከሸጎሌ አደባባይ ገባ ብሎ፣ መሬቱ በዘይት የጠቆረ ግቢ ነው። ባለቤቱ ቤዛብሕ የፒክአፑን ኮፈን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ አገኙት። ነገሩ አናዶታል።

«ጉልበት የለውም» አለ። «ሜዳ ላይ እሺ ይላል፤ ዳገት ሲያይ ይሞታል። እኛ መቼም የምንጀምረው ከናፍጣው ነው። ፊልትሮውን ቀየርኩ። መስመሩ አየር ስቦ እንደሆነ ብዬ አየሩን አስወጣሁ። ወይ ፍንክች! አሁን የናፍጣ ፖምፓውን ላወርደው ነው።»

«እስቲ አስነሣው።»

አስነሣው። ነዳጁን ሲረግጠው ሞተሩ አቃሰተ፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ወጥቶ ግቢውን ሸፈነው። ኑሕ አፍንጫውን ያዘ።

«ናፍጣ ያነሰው መኪና እንዲህ ያጨሳል?» አለች ሄራን።

ቤዛብሕ እጁን በጨርቅ ጠረገ። «አያጨስም» አለ። «ይሄ ወይ ናፍጣ በዝቶበት ነው፣ ወይ አየር አንሶት።»

«አየሩን አይተኸዋል?»

«ማጣሪያውን ከፍቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ገና አዲስ።»

«አየሩ ማጣሪያው ጋ ከመድረሱ በፊት በየት ነው የሚገባው?»

«በዚህ ቱቦ። አፉ እዚህ ነው፣ ከቀኙ መብራት ጀርባ።»

ሄራን ወደ ፊት ዞረች። የግራው መብራት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል። የቀኙ ያበራል፤ ብሎኖቹም ዝገት የላቸውም። በጎኑ ጎማውን የሚሸፍነው ቆርቆሮ፣ ፓራፋንጎው፣ በመዶሻ ተቃንቶ፣ ነጭ ቀለም በብሩሽ ተቀብቷል። የግድግዳ ቀለም ነው።

«ፍታው» አለች።

ቤዛብሕ ቱቦውን ፈታ፤ ጣቱን ከተተ። ፊቱ በራ። «አለ! የሆነ ነገር አለ፤ ጨርቅ ነው!» አለ። በፒንሳ ይዞ ጎተተ። መጀመሪያ ክር፣ ከዚያ በአቧራ የተለወሰ የሱፍ ጨርቅ ተከትሎ መጣ፤ ረጅም ነበር። እጥፋቱ ሲፈታ መሐሉ አልቆሸሸም። ሰማያዊ ነው።

ቤዛብሕ በደስታ ሞተሩን እንደገና አስነሥቶ ረገጠው። ጭስ የለም፤ ሞተሩ ጥርት ያለ ድምፅ አወጣ። «አላልኳችሁም! ታፍኖ እኮ ነው!» ብሎ ዞር ሲል የሁለቱን ፊት አየ። ቀስ ብሎ ቁልፉን አጠፋው። «ምንድን ነው?» አለ።

ኑሕ ጓንቱን አጥልቆ ሻርፑን ተቀበለው። ሄራን ደግሞ እጇን ከመብራቱ ጀርባ ሰድዳ ዳበሰች፤ ወፍራም የመስታወት ስባሪ ይዛ ወጣች። ጣቷን ቆርጧታል። ደሙን አየችው እንጂ ሕመሙን ልብ አላለችውም።

ወደ ጋሽ ጉታ ቤት ሲመለሱ ጠያቂዎቹ ሄደዋል። ጋሽ ጉታ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። ኮታቸውን ለብሰዋል።

«እኔ ነኝ የነዳሁት» አሉ ገና ሳይጠየቁ። «ልጆቹ አያውቁም። ውሰጂኝ።»

«ጋሽ ጉታ፣ ሾፌሩን ያየው ሰው አለ። ወጣት ነው ያለው።»

«አይደለም፤ እኔ ነኝ።»

«አባባ፣ ይተዉ» አለ ኪሩ ከኋላቸው ብቅ ብሎ። ጫማውን አድርጓል። ሽማግሌው ክንዱን ይዘው ወደ ውስጥ ሊመልሱት ሞከሩ፤ አልቻሉም። በሩ ላይ ያለች ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

«ጉም ነበር» አለ ኪሩ። የሚያወራው ለሄራን ሳይሆን ለግድግዳው ይመስል ነበር። «ሳምሪ መሐል ናት፤ አባባ ደግፈዋታል። ወንበሩ ሁሉ ደም ሆኗል። ዝም ስትል ሞተች እላለሁ፣ ስትጮህ አለች እላለሁ። እሷን ሳይ... መንገዱን ስመለከት ሴትዮዋ ፊቴ ነበረች። ፍሬን ያዝኩ። ከዚያ...»

«ከዚያ ነዳህ።»

«ነዳሁ። ሸጎሌን እንዳለፍን መኪናው እምቢ አለ። እረግጣለሁ፣ አይጎትትም። ቅዳሜ ያን ሁሉ ጭኖ የወጣ መኪና! ጭሱ ብቻ። እግዚአብሔር ነው ከኋላ የያዘን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ሰዎች ገፉልን። ገፍተው አወጡን።»

«መኪናውን ማን አስተካከለው?»

«መብራቱን አባባ ገዙ። እኔ አቃናሁ፣ ቀባሁ። ጉልበቱ ግን አልመለስ አለ። ጋራዥ የገባው ለዚያ ነው። ከዚያ ጋር ይገናኛል ብለን አላሰብንም።»

 ሄራን ሁልጊዜ እንደምታደርገው፣ የቀረውን ጥያቄ በዝቅተኛ ድምፅ ጠየቀች።

«እሺ፣ መቆም አልቻልክም። ሆስፒታል ከገባችሁ በኋላስ ለምን አልደወልክም?»

ኪሩ ኪሱን ዳበሰ።

«ስምህን ሳትናገር ‹እዚህ ቦታ ሰው ወድቋል› ማለት ትችል ነበር።»

«ስልኩን አውጥቼ ይዤው ነበር» አለ። «ሳምሪን ካስገቧት በኋላ፣ ኮሪደሩ ላይ። ይዤው ቆሜ ነበር። ነርሷ መጥታ ሴት ልጅ ወለድክ አለችኝ። ኪሴ ከተትኩት።»

«ኪሩ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

ሳምሪ ግድግዳ ይዛ ሳሎኑ መሐል ቆማ ነበር። ከአልጋ መነሣት አልነበረባትም፤ ከንፈሯ ደም የለውም። ሄራን ገብታ ክንዷን ደግፋ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ሊቆም ነበር» አለች ሳምሪ። «እሱ አይነግርሽም። በሩን ሊከፍት እጁን ሰዶ ነበር። ‹አትቁም› ያልኩት እኔ ነኝ። እጁን ይዤ ‹አትቁም፣ ልጄ ይሞትብኛል› አልኩት። ሴት መሆኗን አይቻለሁ። ስትወድቅ አይቻታለሁ። በእኔም ላይ ጻፊ።»

«ተቀመጪ፤ አትነሺ።»

«ከዚያ ወዲህ ማልቀስ አልቻልኩም» አለች ሳምሪ። «ሁሉም ሰው እንኳን ደስ አለሽ ይለኛል። ልጄን ያስታቅፉኛል። የሰው ልጅ ያስታቀፉኝ ይመስለኛል።»

ሄራን ይህን ስትሰማ ቀና ብላ አየቻት።  ከጎኗ ትንሽ ተቀመጠች። ኑሕ ደጅ ቆሞ ነበር የሚጠብቀው። ኪሩ እጁን ሳይያዝ መኪናው ውስጥ ገባ። ጋሽ ጉታም ማስረጃ በመደበቅ እንደሚጠየቁ ሲነገራቸው «ይገባኛል» ብለው ከጎኑ ተቀመጡ። ሕፃኗ ስታለቅስ ሳሌም ከጎረቤት ሮጣ መጣች።

ለጋሽ ፀሐዬ ማን እንደሚነግር አልተነጋገሩም። ሄራን በማግስቱ ብቻዋን ሄደች። ሽማግሌው ከቁስቋም ማርያም፣ ከመቃብሩ፣ ገና መመለሳቸው ነበር፤ ከመቋሚያቸው ጫፍ ጭቃ እያራገፉ ተቀበሏት። ወንድማቸው መሸሻ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል። አጥሩን እየጠገነ ነበር።

ሁሉንም ነገረቻቸው። ጉሙን፣ ምጡን፣ ደሙን፣ «አትቁም» ያለችውን ሴት፣ ኮሪደር ላይ ተይዞ የቀረውን ስልክ። ሐኪሙ ያለውንም ሳታስቀር ነገረቻቸው።

ጋሽ ፀሐዬ መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ልጅቷ ተርፋለች?» አሉ።

«ተርፋለች።»

«እናትየዋስ?»

«እሷም።»

ራሳቸውን ላይ ታች ነቀነቁ። «ደሳለች ብትጠየቅ ኖሮ ‹ሂዱ› ትላቸው ነበር። አውቃታለሁ። ችግኝ ለማዳን ዝናብ ውስጥ የምታድር ሴት ናት። ‹ሂዱ፣ ልጅቷን አድርሱ› ነው የምትለው።»



«እኔ ግን አልልም» አሉ ጋሽ ፀሐዬ። «ጻፊው ይሄን። ይቅር አሉ ብለሽ እንዳትጽፊ።»

«አልጽፍም።»

«ነገ ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። የቸርች ሰው፣ የሰፈር ሰው፣ ድንጋይ ተሸክመው ይመጣሉ። ምን እንደምላቸው አላውቅም። ዛሬ ግን አልልም።»

«ዛሬ እንዲሉ ማንም አይጠይቅዎትም፣ ጋሽ ፀሐዬ።»

መሸሻ ሚስማር መምታት ጀመረ። ሽማግሌው ድምፁን እየሰሙ ቆዩና ተነሡ። «እንጨቱን በተቃራኒ ነው የያዘው» አሉ፤ ሄደውም ከእጁ ተቀበሉት። ሄራን መሄድ ትችል ነበር፤ ሥራዋን ጨርሳለች። አልሄደችም። አጥሩ እስኪቆም ድረስ ግንዱ ላይ ተቀመጠች።